ሁለት ቡድን ብቻ የነበረው ሊግ

ሊግ ሲባል በስፖርት ወዳድ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አሥር፣ አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ቡድኖች እየተዘዋወሩ የሚጋጠሙበት፣ ደካማው የሚወርድበት፣ ብርቱው የሚያድግበት ውድድር ነው። በዚህ ዕትም ለውድ አንባቢያን የምናቀርበው ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ከ1970 እስከ 1990 ድረስ፣ ለሃያ የውድድር ዘመናት፣ በአገሪቱ ከፍተኛ የበረዶ ሆኪ ሊግ ውስጥ የተሰለፉት ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ሻምፒዮን ይሆናል፤ የተሸነፈው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለተኛም መጨረሻም ይሆናል። የሚወርድ የለም፤ የሚያድግም የለም። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያው ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ።

ይህን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በመጀመሪያ ደረጃ ሁለቱም ቡድኖች የደንብ ልብስ በሚለብሱ የመንግሥት አካላት ሥር የተደራጁ ነበሩ። በሁለተኛ ደረጃ ታሪኩ በጦር ሰፈር የኖረ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ጥያቄ ያነሣል። ይኸውም ተጋጣሚው ያው፣ ሜዳው ያው፣ ተመልካቹም ያው ሲሆን ሰው ሥራውን ሳያላላ ሃያ ዓመት እንዴት ይዘልቃል? ደግፎ ያቆመው ኃይል በአንድ ቀን ሲወድቅስ ከድካሙ ምን ይተርፈዋል? የሚል ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የጨዋታው ጠባይ

የበረዶ ሆኪን አይቶ ለማያውቅ ሰው የገና ጨዋታችንን ማስታወስ ይበቃል። በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ሆኖ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ፣ ሩሯን ወደ ተጋጣሚው ወሰን መንዳት ነው። የበረዶ ሆኪም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ መስኩ በረዶ መሆኑ፣ ተጫዋቹ ከሥሩ ስለት ያለው የመንሸራተቻ ጫማ ማድረጉ፣ በሩሯም ፈንታ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ መኖሯ ነው። ፓክ 7.62 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.54 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖራት፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል። በበረዶው ላይ እየነጠረች እንዳታስቸግር ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጣለች። ብርቱ ተጫዋች ሲመታት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትበር፣ በረኛው ከራሱ እስከ እግሩ ድረስ በወፍራም መከላከያ ተሸፍኖ ይቆማል።

በአውሮፓ የተለመደው ሜዳ 60 ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ዙሪያውም በአጥር ግድግዳ የተከበበ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት በረኛውን ጨምሮ ስድስት ናቸው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያት አሉት። ድካሙ ከባድ በመሆኑ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ በሜዳ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ወዲያው ይወጣና ሌላው ይተካዋል፤ ጥቂት ዐርፎም ይመለሳል። ጥፋት የሠራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል፤ ጓደኞቹም ያን ያህል ጊዜ አንድ ሰው ጎድሏቸው ይከላከላሉ። የአንድ ሰው ቁጣ በባልደረቦቹ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ጨዋታ ጥቂት ነው።

ይህ ስፖርት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በማሽን የሚረጋ በረዶ፣ ቅዝቃዜውን የሚጠብቅ አዳራሽ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሙሉ ትጥቅ፣ በየጊዜው የሚሰበር ዱላ ሁሉ ገንዘብ ነው። ለሁለት ቡድን የቀረው ሊግ የተፈጠረውም ከዚሁ ከወጪ ስሌት የተነሣ ነው።

የሜዳሊያ ሒሳብ

ከ1970 በፊት የምሥራቅ ጀርመን የበረዶ ሆኪ ሊግ እንደ ሌላው አገር በርካታ ቡድኖች ነበሩት። የሠራዊቱም ቡድን ከእነዚሁ መካከል ነበር፤ ፎርቬርትስ፣ ማለትም «ወደፊት»፣ በሚባለው የአገሪቱ ጦር ሠራዊት የስፖርት ማኅበር ሥር ሆኖ ክሪሚቻው በምትባል ከተማ ይጫወት ነበር። ብሔራዊው ቡድንም በዓለም መድረክ የሚናቅ አልነበረም። በ1966 በሉብልያና ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አምስተኛ ወጣ፤ የአውሮፓ ቡድኖች እርስ በርሳቸው ባደረጓቸው ግጥሚያዎች ስሌት ደግሞ የአውሮፓን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በ1968 በግሬኖብል የክረምት ኦሊምፒክ ግን ሰባቱንም ግጥሚያዎች ተሸንፎ ተመለሰ።

በ1969 የአገሪቱ የስፖርት አመራር አንድ ከባድ ውሳኔ አሳለፈ። የአገሪቱ ሕዝብ 17 ሚሊዮን ያህል፣ በጀቱም የተወሰነ ነበር። በዋና አንድ ጎበዝ ብቻውን ሁለትና ሦስት ሜዳሊያ ያስገኛል፤ በበረዶ ሆኪ ግን ሃያ ያህል ተጫዋቾች ለዓመታት ሠልጥነው ቢያሸንፉ እንኳ የሚቈጠረው አንድ ሜዳሊያ ነው። ስለሆነም የመንግሥት ገንዘብ ብዙ ሜዳሊያ ለሚያስገኙት ስፖርቶች እንዲውል ተወሰነ። ቅርጫት ኳስ፣ የውኃ ፖሎና የበረዶ ሆኪ ከድጋፉ ዝርዝር ከወጡት መካከል ነበሩ።

ሒሳቡ በቁጥር ሲታይ ሠራ። ምሥራቅ ጀርመን በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ 20 የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታ ሦስተኛ ሆነች፤ በ1976 በሞንትሪያል ደግሞ 40 ወርቅ ሰብስባ ከሶቪየት ኅብረት ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። ዛሬ ግን የዚያ ሒሳብ ሌላው ገጽ ይታወቃል። ከ1974 ጀምሮ በመንግሥት ዕቅድ፣ ብዙ ጊዜም ስፖርተኞቹ ሳያውቁት፣ ለወጣቶች ሳይቀር ኃይል የሚጨምር መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ከ1961 እስከ 1988 የአገሪቱ የስፖርት ማኅበር የበላይ የነበሩት ማንፍሬድ ኤቫልድ በዚሁ ጉዳይ በ2000 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው የ22 ወር የገደብ እስራት ተፈርዶባቸዋል። ሰውን በሜዳሊያ ብዛት ብቻ የመዘነ አሠራር በመጨረሻ የራሱን ልጆች ጤና እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የበረዶ ሆኪ በውሳኔው መሠረት ሙሉ በሙሉ መቅረት ነበረበት። ሳይቀር የቀረበት ምክንያት ዲናሞ የተባለው ማኅበር ነው። ዲናሞ በ1953 የተመሠረተ የፖሊስ፣ የጸጥታና የጉምሩክ ባልደረቦች የስፖርት ማኅበር ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ የጸጥታ ሚኒስትሩ ኤሪኽ ሚልከ ነበሩ። ሚልከ ይህን ስፖርት ይወዱት እንደነበር በሰፊው ይነገራል። በዚያ አገር ደግሞ የጸጥታ ሚኒስትሩን «እምቢ» የሚል ባለሥልጣን አልነበረም። በዚህም መሠረት የዲናሞ ሁለት ቡድኖች፣ ዲናሞ በርሊንና ዲናሞ ቫይስቫሰር፣ እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። ሌሎቹ ፈረሱ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደሚደረግ የፋብሪካ ሠራተኞች ውድድር ወረዱ። የክሪሚቻው የሠራዊት ቡድንም ዕጣው ይኸው ሆነ።

ዋና ከተማና የብርጭቆ ከተማ

ሁለቱ ተጋጣሚዎች በምንም ነገር የሚመሳሰሉ አልነበሩም። በርሊን የአገሪቱ ርእሰ ከተማ ናት። ቡድኑ የሚጫወትበት አዳራሽ በሆሄንሾንሃውዘን ሠፈር የሚገኝ ሲሆን፣ ሕዝቡ በቀልድ «የቆርቆሮ ቤተ መንግሥት» ብሎ ይጠራው ነበር። ከአምስት ሺህ የማይበልጥ ሰው የሚይዝ፣ ቀዝቃዛና ያልተሽሞነሞነ ቤት ነበር።

ቫይስቫሰር ደግሞ በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፖላንድ ድንበር አጠገብ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት፤ ስሟም «ነጭ ውኃ» ማለት ነው። በአካባቢዋ ጥሩ አሸዋና ቡናማ የድንጋይ ከሰል ስለሚገኝ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ከአውሮፓ ታላላቅ የብርጭቆ ሥራ ማዕከሎች አንዷ ለመሆን በቅታ ነበር። የበረዶ ሆኪ ቡድኗ የተመሠረተው በ1932 ሲሆን፣ በመጀመሪያ በክረምት በሚረጋ ኩሬ ላይ ይጫወት ነበር። ቀን በእቶን ፊት ብርጭቆ ሲነፋ የዋለ ሠራተኛ ማታ ወደ በረዶው ይወርድ ነበር ማለት ነው። ይህች ትንሽ ከተማ ከ1951 እስከ 1965 ባሉት አሥራ አምስት ዓመታት የምሥራቅ ጀርመንን ሻምፒዮንነት በተከታታይ ይዛ ቆይታለች። በአገሪቱ ታሪክ በጠቅላላው 25 ጊዜ ሻምፒዮን ስትሆን፣ የበርሊን ድርሻ 15 ነበር። ርእሰ ከተማይቱ በሕዝብ ብዛትና በአቅም ብትበልጥም በዋንጫ ብዛት ግን አልበለጠቻትም።

ተጫዋቾቹ በመዝገብ የፖሊስ ወይም የጸጥታ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆነው ማዕረግ ይይዙ ነበር፤ የዘወትር ሥራቸው ግን ልምምድ ነበር። ባለሙያ መባል ባይፈቀድላቸውም በተግባር ባለሙያዎች ነበሩ።

ያንኑ ተጋጣሚ ሃያ ዓመት

ሁለቱ ቡድኖች በአንድ የውድድር ዘመን ደጋግመው ይገናኛሉ። የቀረውን ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከቼኮስሎቫኪያና ከሌሎች አገሮች ቡድኖች ጋር በሚያደርጉት ግጥሚያ ይሞሉታል። የአገሩ ዋንጫ ግን የሚወሰነው በሁለቱ መካከል ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ውድድር በቶሎ የሚሰለችና ትርጉሙን የሚያጣ ይመስላል። ውጤቱ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከ1971 እስከ 1975 ድረስ ቫይስቫሰር አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በርሊን በበኩሉ ከ1976 እስከ 1980 ድረስ አምስቱንም ዓመት አሸንፎ ዕዳውን መለሰ። በ1981 ቫይስቫሰር ዋንጫውን አስመለሰ፤ ከ1982 እስከ 1988 በርሊን ሰባት ጊዜ በተከታታይ ወሰደው፤ በ1989ና በ1990፣ ማለትም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት፣ እንደገና ወደ ቫይስቫሰር ተመለሰ። በጠቅላላው በርሊን 12፣ ቫይስቫሰር 8 ሆኑ። አንዱ ሌላውን ረትቶ ለዘለቄታው የጨረሰበት ጊዜ አልነበረም። አምስት ዓመት በተከታታይ የተሸነፈው እንደገና ተነሣ፤ ሰባት ዓመት በተከታታይ የተሸነፈውም ተነሣ።

ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር የሚታገል ሰው በአጋጣሚ አያሸንፍም። ተጋጣሚው ስልቱን፣ የሚወደውን አቅጣጫ፣ ሲደክም የሚያሳየውን ምልክት ሁሉ ያውቅበታል። አንድ ዓመት የሠራ ዘዴ በሚቀጥለው ዓመት ስለማይሠራ በየጊዜው አዲስ ነገር መማር ግድ ይሆናል። ለአንደኛው ቡድን ሌላው ሞረድ ሆነለት፤ ሞረድ በሌለበት ደግሞ ጥሩ ብረትም ይዶለዱማል።

የዚህ ዘመን ሰዎች ሲነሡ ዮአኺም ጺሸን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በ1939 በድሬስደን የተወለዱት ጺሸ በመጀመሪያ የዲናሞ በርሊንና የብሔራዊው ቡድን ተጫዋች፣ ከ1970 ጀምሮ ደግሞ ለረጅም ዘመን የበርሊን አሠልጣኝ ነበሩ። ሊጉ ወደ ሁለት ቡድን ባነሰበት በዚያው ዓመት ሥራውን ተረከቡ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በ1999 ስማቸውን በክብር መዝገቡ ላይ አስፍሮላቸዋል።

በአንድ ማሊያ

ከዚህ ታሪክ ለሠራዊት አባላት ልዩ ትርጉም ያለው ክፍል ቀጥሎ የሚገኘው ነው። በአገሪቱ ሁለት ከፍተኛ ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ ብሔራዊው ቡድን የሚመረጠው ከእነዚሁ ከሁለቱ ነበር። ትናንት በዋንጫ ግጥሚያ ከግድግዳው ጋር ያጋጨህ ሰው ነገ በብሔራዊው ቡድን ከጎንህ ይሰለፋል፤ ፓኳን ለእርሱ ታቀብላለህ፤ ስትሳሳት የሚሸፍንህም እርሱ ነው።

በዚህ ዐይነት የተውጣጣው ቡድን ከ1970 በኋላ በ1974፣ በ1976፣ በ1978፣ በ1983ና በ1985 በዓለም ሻምፒዮና ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ተሰልፏል። ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ምድብ ቢወርድም እየታገለ ይመለስ ነበር። በደርዘን የሚቈጠሩ ክለቦችና ብዙ ሺህ ተጫዋቾች ካሏቸው ከካናዳ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከስዊድን ጋር በአንድ ሜዳ የቆመው የሁለት ክለብ ልጆች ስብስብ ነበር። ይህ ሁሉ የተገኘው በየአገሩ ቤት የነበረው ፉክክር ሜዳውን ለቆ ወደ ጠላትነት ባለመሸጋገሩ ነው።

የፈተናው የውድድር ዘመን

በኅዳር 1989 የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በዚያው ወር ሚልከ ከሥልጣን ወረዱ። በሐምሌ 1990 የአገሪቱ ገንዘብ በምዕራብ ጀርመን ማርክ ተተካ፤ ጥቅምት 3 ቀን 1990 ሁለቱ ጀርመኖች አንድ አገር ሆኑ። ሃያ ዓመት ሁለቱን ቡድኖች ያቆመው ደጋፊ፣ በጀቱና የዲናሞ ማኅበር ራሱ አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጠፉ።

ሁለቱ ቡድኖች በ1990/91 የውድድር ዘመን ወደ ምዕራቡ ፕሮፌሽናል ሊግ ወደ ቡንደስሊጋ ተቀላቀሉ። ሊጉ በዚያን ዓመት አሥራ ሁለት ቡድኖች ነበሩት። በሃያ ዓመት ውስጥ በአገራቸው ዋንጫ ከአንድ ተጋጣሚ በስተቀር ያላዩ ተጫዋቾች አሁን በአንድ ጊዜ ከአሥራ አንድ ቡድኖች ጋር ተፋጠጡ። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ሳለ ተገናኝተው የማያውቁት የምሥራቅ በርሊኑ ዲናሞና የምዕራብ በርሊኑ ፕሮይሰን በአንድ ሊግ ውስጥ ተጋጠሙ። የምዕራቡ ክለቦች ገንዘብና ከባሕር ማዶ የመጡ ተጫዋቾች ነበሯቸው። ከምሥራቅ ጥሩ የሆነውን ልጅ በጥሩ ደመወዝ መጥራትም ለእነርሱ ቀላል ነበር።

ውጤቱ መራራም የሚያጽናናም ነበር። ሻምፒዮናውን ዱሰልዶርፍ ወሰደ። በርሊን ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ መውረድ የሚባል ነገር ያላየ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰው። ትንሿ ቫይስቫሰር ግን ቦታዋን ይዛ ቀረች። የሁለት ቡድን ሊግ ከንቱ ነበር የሚሉት መልሳቸውን አገኙ፤ ያለ ተቀናቃኝ የታሰረ ልምምድ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ሁለቱም በጠፉ ነበር። በርሊንም ቢሆን በወደቀበት አልቀረም። በ1992 ተመልሶ ወደ ከፍተኛው ሊግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የድሮውን የጸጥታ ማኅበር ስም ትቶ «የበረዶ ድቦች» የሚለውን አዲስ ስም ያዘ።

የቀረውና የጠፋው

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንግለጽ። በ1994 በጀርመን አዲስ ፕሮፌሽናል ሊግ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አሥራ ስምንት ክለቦች መካከል ሁለቱም ነበሩበት። ቫይስቫሰር በዚያ ሊግ ሁለት የውድድር ዘመን ከቆየ በኋላ ወደ ሁለተኛው እርከን ወረደ። በርሊን በአንጻሩ በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ የተባበረችው ጀርመን ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2025 ድረስም አሥራ አንድ ጊዜ ዋንጫውን አንሥቷል። በ2008 ከ«ቆርቆሮ ቤተ መንግሥት» ወጥቶ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ተመልካች ወደሚይዝ አዲስ አዳራሽ ተዛውሯል።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከቡድኑ ጋር የቆዩ አንድ ሰው ነበሩ። ሐርትሙት ኒክል በ1944 የተወለዱት በቫይስቫሰር ነው። በተጫዋችነት ዘመናቸው የለበሱት ግን የበርሊንን ማሊያ ነበር፤ በኋላም በዚያው ክለብ ለአሥርት ዓመታት በአሠልጣኝነት ሠሩ። የዲናሞን ዘመን፣ የ1990/91ን ውድቀትና የኋላውን ድል ሁሉ ከአንድ ወንበር ሆነው አይተው በ2019 አረፉ። ሚኒስትሩ ወርደው፣ ማኅበሩ ፈርሶ፣ ስሙ ተለውጦ ሳለ ልምምዱን በየማለዳው የሚያስጀምረው ሰው ሳይለወጥ ቆይቷል።

የቫይስቫሰር ነገር ግን ልብ ይነካል። ከአንድነቱ በኋላ የብርጭቆ ፋብሪካዎቿ ተራ በተራ ተዘጉ፤ የከሰል ሥራውም ቀነሰ። ሥራ ያጡ ቤተሰቦች ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ35,000 በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ ዛሬ ከግማሽ በታች ሆኗል። በእንዲህ ያለች ከተማ መጀመሪያ የሚዘጋው የስፖርት ቤት መሆን ነበረበት። ሕዝቡ ግን ቡድኑን አልተወም። በ2013 አዲስ የበረዶ አዳራሽ ተከፈተ፤ «ቀበሮዎቹ» በሚል ስም የሚታወቀው ቡድንም በሁለተኛው ሊግ ይጫወታል። የቀድሞው የሠራዊት ቡድን ከተማ ክሪሚቻውም እንዲሁ በዚያው እርከን ቡድን አላት። በ1969 በአንድ ፊርማ ከዝርዝር የወጣው ስፖርት በፋብሪካ ሠራተኞች እጅ ተጠብቆ ቆይቷል ማለት ነው።

በሰፈራችንና በቤታችን

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። የሚልከ ፈቃድ ቡድኖቹን ከመጥፋት አዳነ፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን የአንድ ባለሥልጣን ውዴታ ባለሥልጣኑ እስካለ ድረስ ብቻ ይሠራል። ከእርሱ በኋላ ያዘለቃቸው በየዕለቱ የተደረገው ልምምድ፣ ወላጅ ለልጁ ያወረሰው ፍቅርና ተጋጣሚን የማክበር ልማድ ነው።

በየጦር ሰፈሩ ይህን የሚመስል ነገር እናያለን። ስፖርት ወዳድ አዛዥ ሲመጣ መረብ ይዘረጋል፤ ሜዳ ይጠረጋል፤ ሻምበል ከሻምበል ይጋጠማል። አዛዡ ሲዛወር የተቀደደውን መረብ የሚጠግን ይጠፋል፤ ሜዳውንም ሣር ይወርሰዋል። ይህ እንዳይሆን ውድድሩ የአዛዡ ሳይሆን የሻምበሉ መሆን አለበት። መረቡን የሚጠግነው፣ ሰዓቱን የሚይዘው፣ የውጤቱን መዝገብ የሚጠብቀው ከወታደሩ መካከል የተመረጠ ሰው ይሁን። ተጋጣሚያችን ሁልጊዜ ያችው የጎረቤት ሻምበል መሆኗም አያሰልቸን። ባለፈው ዓመት ያሸነፈችንን በዚህ ዓመት በሌላ ዘዴ መግጠም፣ ግዳጅ ሲመጣ ደግሞ ከእርሷ ጋር በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ መቆም የሠራዊት ሙያ ነው።

ለባለቤቶቻችን ደግሞ የምንለው አለን። የእነዚያ ተጫዋቾች ሚስቶች ባሎቻቸው ለልምምድና ለውጭ ግጥሚያ ሲሄዱ ቤቱን ብቻቸውን ይመሩ እንደነበር ለመገመት የእናንተን ኑሮ ማየት ይበቃል። በየትም አገር ቢሆን በብርድ ማለዳ ልጁን ቀስቅሶ፣ አልብሶ ወደ ሜዳ የሚልክ ወላጅ ከሌለ ስፖርት ከአንድ ትውልድ አያልፍም። ቫይስቫሰር የሕዝቧን እኩሌታ አጥታ ቡድኗን ያላጣችው በየቤቱ ይህን ያላቋረጡ ወላጆች ስለነበሯት ነው። በሰፈራችን የሚሮጡትን ልጆች በሳምንት አንድ ቀን በሥርዓት የሚያጫውት ሰው ቢኖር፣ ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ለአባትም ለእናትም ይተርፋል።

የሁለቱ ቡድኖች ግንኙነትም አልተቋረጠም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በርሊን ወጣት ተጫዋቾቹን ወደ ቫይስቫሰር እየላከ በሁለተኛው ሊግ እንዲጫወቱና እንዲበስሉ አድርጓል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዋንጫ የተነጣጠቁት ሁለት ክለቦች ልጆቻቸውን አብረው ለማሠልጠን በቁ።